ፓኬቱን ማሳደግ የቤታችንን ኔትወርክ ያፈጥነዋል? ለክተን እንየው

ጥር በጎንደር የሠርግ ወር ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ የሙሽራ አጀብ ጥሩምባ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሲሰማ ይውላል። የአክስቴ ልጅ በዚህ ወቅት እንቅልፍ የለውም። ሥራው የሠርግ ቪዲዮ መቅረፅ ነው። ሙሽሮቹን ጎሃ ላይ አቁሞ፣ ፋሲል ግቢ ዙሪያ አዙሮ፣ ማታ ጭፈራውን ቀርፆ ሲመለስ ሜሞሪ ካርዶቹ ጢም ብለው ሞልተዋል። ከአንድ ሠርግ ብቻ 60 ጊጋባይት ቪዲዮ ይዞ ይገባል።

ያንን ቪዲዮ ማታ ማታ ከላፕቶፑ ወደ ሳሎኑ ዴስክቶፕ ያሻግራል። ዴስክቶፑ አሮጌ ነው። ትልቅ ሀርድ ዲስክ ስላለው ግን የቤቱ ጎተራ እሱ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች በኬብል ከራውተሩ ጋር ተያይዘዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጀመረው ኮፒ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይጎተታል። በመሀል መብራት ከሄደ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ዴስክቶፑ ግን ድርግም ይላል። የተጀመረው ፋይል ተቆርጦ ይቀራል። እንደገና ከሀ መጀመር ነው። አክስቴ «ይኼ ልጅ ዓይኑ ሊጠፋ ነው፣ እባክህ አንድ በለው» እያለች ስትደውልልኝ ከረመች።

አንድ ቀን ራሱ ደወለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ጃምቦ ፍሬም የሚባል ነገር አለ አሉኝ። የፓኬቱን መጠን ከ1500 ወደ 9000 ከፍ ማድረግ ነው አሉ። ኔትወርኩ ስድስት እጥፍ ይፈጥናል ነው የሚሉት። ላድርገው?»

«ቆይ፣ ምንም እንዳትነካ። እሑድ እመጣለሁ፣ አብረን እንለካዋለን» አልኩት።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ብዙዎቹ ሳይለኩ ቀይረው፣ ኔትወርካቸው ሲበላሽ ምክንያቱን ሳያውቁ ብዙ ቀን ተንገላተዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ኔትወርክ ላይ አንድ ፋይል ሙሉውን እንዳለ ተነሥቶ አይሄድም። ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላኪውና ተቀባዩ ተጽፎበት ለብቻው ይላካል፣ ሲደርስ መልሶ ይገጣጠማል። ይህ ቁራጭ ፓኬት ይባላል። አንድ ፓኬት ቢበዛ ስንት ባይት ይያዝ የሚለው ጣሪያ ደግሞ ኤምቲዩ ይባላል። በየቤታችን ያለው ጣሪያ 1500 ባይት ነው። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይወስዳል። አንድ ፓኬት ሞላ ቢባል የሚጭነው 500 የማይሞላ ፊደል ነው። አንድ ገጽ እንኳ አይሆንም።

እንግዲህ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ፣ 60 ጊጋባይቱ፣ በ1500 ሲቆራረጥ ከ41 ሚሊዮን በላይ ፓኬት ይሆናል። በ9000 ሲቆራረጥ ግን 7 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። የፓኬቱ ቁጥር በእርግጥም በስድስት እጥፍ ይቀንሳል። «ስድስት እጥፍ ይፈጥናል» የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚህ ይመስለኛል። ግን የፓኬት ቁጥር ሌላ፣ ፍጥነት ሌላ ነው።

ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ በአይከል አድርጎ ወደ አዘዞ የሚመጣ መኪና አስቡ። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ እያንዳንዱ መኪና ይቆማል፣ ወረቀቱ ይታያል፣ ከዚያ ገመዱ ይነሣለታል። አይሱዙም ቆሞ ነው የሚያልፈው፣ ተሳቢውም ቆሞ ነው የሚያልፈው። ያንኑ ሰሊጥ በብዙ አይሱዙ ከማመላለስ በአንድ ተሳቢ ማምጣት የኬላውን ሥራ ይቀንሳል። ጃምቦ ፍሬም ማለት ተሳቢው ነው።

ልብ በሉ፣ መንገዱ አልሰፋም። የመኪናው ፍጥነትም አልጨመረም። የቀነሰው ኬላ ላይ የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ድሮውንስ ኬላው ላይ ስንት ጊዜ ይባክን ነበር?» የሚለው ነው። ይህን ደግሞ በግምት ሳይሆን በሒሳብ ማወቅ ይቻላል።

ኬብሉ ላይ የሚሄድ እያንዳንዱ ፓኬት ከ1500ው ሌላ የራሱ ማሸጊያ አለው። ከፊቱ «መጣሁ» የሚል ምልክት 8 ባይት፣ አድራሻ 14 ባይት፣ ከኋላው ስሕተት መመርመሪያ 4 ባይት፣ ቀጣዩ ፓኬት ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የ12 ባይት ያህል ባዶ ቦታ። ድምሩ 38 ነው። ስለዚህ አንድ ፓኬት ኬብሉ ላይ 1538 ባይት ቦታ ይይዛል። ከ1500ው ውስጥም ሁሉም ቪዲዮ አይደለም። ፋይል በሚተላለፍበት በተለመደው መንገድ 52ቱ ባይት የአድራሻና የቁጥጥር መረጃ ነው። የሚተርፈው ንጹሕ ጭነት 1448 ነው።

1448ን ለ1538 ስናካፍል 94 በመቶ ይመጣል። 1 ጊጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ኔትወርክ ካለን፣ ለፋይላችን የሚደርሰው ቢበዛ 941 ሜጋቢት ነው።

አሁን ጣሪያውን 9000 እናድርገው። ማሸጊያው ያው 38 ነው፣ የቁጥጥሩ መረጃ ያው 52 ነው። ንጹሑ ጭነት 8948፣ ጠቅላላው 9038 ይሆናል። 99 በመቶ ማለት ነው። 990 ሜጋቢት።

ስለዚህ በጊጋቢት ኔትወርክ የጃምቦ ፍሬም ትርፍ፣ ሁሉም ነገር ቢሟላ፣ ከ941 ወደ 990 ነው። 5 በመቶ ገደማ። ይህን ወደ አክስቴ ልጅ ሠርግ እንመልሰው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ 60 ጊጋባይቱ በ941 ሜጋቢት 8 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በ990 ደግሞ 8 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። የተረፈው 25 ሰከንድ ነው።

እሑድ ዕለት ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳየው ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ታዲያ የኔ ለምን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል?» አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸ ነበር። እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ጃምቦ ፍሬም ለምን ተፈጠረ የሚለውን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። የፈጠሩት ሰዎች 25 ሰከንድ ለማትረፍ አልነበረም የደከሙት።

ኢተርኔት፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል የምናገናኝበት ደንብ፣ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ነው። ከአባቶቹ ዋናው ቦብ ሜትካፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በጋራ ደንቡን ሲያወጡ 1500 ባይት ጣሪያ ሆኖ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነበር። ብዙ ኮምፒውተሮች አንዱን ኬብል ይጋራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት። ፓኬቱ ረጅም ከሆነ የሌላው ተራ ይዘገያል። ሜሞሪም ውድ ነበር። ትልቅ ፓኬት ማለት መጥቶ የሚያርፍበት ትልቅ ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ 1500 ለዚያ ዘመን ሚዛኑን የጠበቀ ቁጥር ነበር።

ከዚያ ፍጥነቱ 100 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ 1000 ሆነ። መንገዱ መቶ እጥፍ ሰፋ፣ መኪናው ግን ያው አይሱዙ ሆኖ ቀረ። በ1000 ሜጋቢት ኬብል ላይ በሰከንድ 81 ሺህ ሙሉ ፓኬት ያልፋል። የያኔው ኮምፒውተር ፓኬት በመጣ ቁጥር የያዘውን ሥራ ትቶ መነሣት ነበረበት። በሰከንድ 81 ሺህ ጊዜ በር ሲንኳኳበት ሌላ ሥራ መሥራት አቃተው። ፓኬቱ 9000 ሲሆን ግን የሚንኳኳው 14 ሺህ ጊዜ እንኳ አይሞላም። ፕሮሰሰሩ ተነፈሰ። ትልቁ ትርፍ ይኸ ነበር። የተቀነሰው የፕሮሰሰሩ ድካም ነው፣ የኬብሉ ቦታ ጉዳይ ያን ያህል አያሳስባቸውም ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ ይህን ድካም የኔትወርክ ካርዱ ተረክቦታል። ፕሮሰሰሩ 64 ሺህ ባይት ያህል አንድ ላይ አስሮ ለካርዱ ይሰጠዋል፣ ካርዱ ራሱ በ1500 እየቆረጠ ይልከዋል። ሲቀበልም ብዙ ፓኬቶችን አጠራቅሞ አንድ ጊዜ ብቻ ያንኳኳል። በየመንደሩ የሚሸጥ ተራ ላፕቶፕ ይህን ይሠራል። ስለዚህ ያኔ ጃምቦ ፍሬም የፈታው ችግር በቤት ኮምፒውተር ላይ ዛሬ በአብዛኛው የለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ሰው በጣም የሚሳሳትበት። ጃምቦ ፍሬም ኢንተርኔትን አያፈጥንም። ዩቲዩብ ቶሎ አይከፈትም፣ ዳውንሎድ አይፈጥንም። ፓኬቱ ከራውተራችሁ በር ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው ጣሪያ 1500 ነው። አንዳንድ የኢንተርኔት መስመር እንዲያውም 8 ባይት ለራሱ ይወስድና 1492 ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ተሳቢ ብትነዱ ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ተሳቢ አያሳልፍም። ዋይፋይም እንዲሁ ነው። በዋይፋይ ደንብ አንድ ፓኬት የሚይዘው ቢበዛ 2304 ባይት ነው። 9000 የሚባል ነገር አያውቅም። ዋይፋይ የራሱ ዘዴ አለው፣ ትንንሽ ፓኬቶችን በአንድ አየር ጉዞ አጣብቆ ይልካል። ስለዚህ ስልካችሁንና በዋይፋይ የተያያዘ ላፕቶፓችሁን ከዚህ ጨዋታ አውጧቸው።

አሁን ወደ እሑዱ ልመለስ።

አክስቴ ቡና አቀረበች። ሳሎኑ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለ ተራ ሳሎን ነው። ዴስክቶፑ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ራውተሩ መስኮቱ ላይ። ከራውተሩ አንድ ኬብል በሶፋው ሥር አልፎ፣ የልጁን ክፍል በር ተሻግሮ ወደ ላፕቶፑ ይገባል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ። 9000ን ከመንካታችን በፊት አሁን ያለውን ፍጥነት መለካት አለብን አልኩት።

የለካነው አይፐርፍ 3 በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጠባቂ ሆኖ ይከፈታል፣ ሌላው ላይ ላኪ ሆኖ። ከዚያ ከአንዱ ሜሞሪ ወደ ሌላው ሜሞሪ ዝም ብሎ ይልካል። ሀርድ ዲስክ በመሀል አይገባም። ይኸ በጣም ይጠቅማል። ፋይል ኮፒ እያደረጋችሁ ከለካችሁ ኔትወርኩን ይሁን ዲስኩን እየለካችሁ እንደሆነ አታውቁም። አይፐርፍ የሚለካው መንገዱን ብቻ ነው።

አለካኩም ሥርዓት አለው። አንድ ጊዜ ለክቶ ማመን የለም። ፕሮግራሙን ዝም ካላችሁት 10 ሰከንድ ይለካል። እኔ 30 ሰከንድ አድርጌው ሦስት ጊዜ እለካና መካከለኛውን እወስዳለሁ። ከዚያ አቅጣጫውን ገልብጬ እንደገና ሦስት ጊዜ። መላክ ፈጣን ሆኖ መቀበል የሚዘገይበት ቤት አለ። በምትለኩበት ሰዓት ማንም ዳውንሎድ አያድርግ። ከሁሉም በላይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኬብልም ኤምቲዩም አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

የመጀመሪያው ውጤት መጣ። 94 ሜጋቢት። ደገምነው። 94። ገለበጥነው። 94።

ይህ ቁጥር ይናገራል። ከላይ ያሰላነውን 94 በመቶ አስታውሱ። ኔትወርኩ 1000 ቢሆን ኖሮ 941 ይመጣ ነበር። 94 የሚመጣው ኔትወርኩ 100 ላይ ሲሠራ ነው። ካርዱ 1000 ይችላል፣ የራውተሩ ቀዳዳዎችም 1000 ይችላሉ፣ ግን ሁለቱ በ100 ተስማምተው እየሠሩ ነው። አንድ ሰዓት ተኩሉም የመጣው ከዚህ ነው። 60 ጊጋባይት በ94 ሜጋቢት 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይፈጃል።

ምክንያቱን ለማግኘት ኬብሉን በእጃችን እየዳሰስን ሄድን። ሶፋው ሥር ምንም የለም። በሩ ጋ ስንደርስ ኬብሉ ማጠፊያው አጠገብ ጠፍጥፏል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ሲነክሰው ኖሯል። ልጣጩን በምላጭ ከፈትኩት። ውስጡ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠማዝዘዋል። ብርቱካኑ ደኅና ነው። አረንጓዴው ደኅና ነው። ሰማያዊው ደኅና ነው። ቡናማው ግን ተበጥሶ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

100 ሜጋቢት የሚሠራው በአራት ሽቦ ብቻ ነው፣ በብርቱካኑና በአረንጓዴው ጥንድ። 1000 ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው ጥንድ አንዷ ከተበጠሰች ሁለቱ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ስክሪኑ ላይ «ኬብልህ ተበጥሷል» የሚል አይወጣም። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ቪዲዮው ይታያል፣ ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለ ቤት ጎንደር ውስጥ ስንት ይኖር ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ የኔትወርኩን ሁኔታ ከፍታችሁ የመስመሩን ፍጥነት እዩ። 100 ካለ፣ ወይ ኬብሉ ነው ወይ ራውተሩ ድሮውኑ 100 ብቻ የሚችል ርካሽ ነው። ያን ጊዜ ስለ ጃምቦ ፍሬም ማሰብ አያስፈልግም።

አዲስ ኬብል ቆርጬ ሁለቱንም ጫፍ ክሪምፕ አደረግሁ፣ ማለትም መሰኪያ አስገብቼ ጨመቅሁት። የቀለሙን ተራ ለማታውቁ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። በዚህኛው ጊዜ ኬብሉን በማጠፊያው በኩል ሳይሆን ከበሩ በላይ አሳለፍነው። ለካን። 940።

ልጁ ተነሥቶ አቀፈኝ። አክስቴ «ምን ተገኘ?» ብላ ከማጀት ወጣች። «አለቀ፣ ከእንግዲህ በጊዜ ይተኛል» አልኳት።

እሱ ግን ጥያቄውን አልረሳም። «9000ውንስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቃል ገብቻለሁ።

በሁለቱም ኮምፒውተሮች የኔትወርክ ካርዱን ቅንብር ከፈትን። ዊንዶውስ ላይ «ጃምቦ ፓኬት» የሚል መስመር አለ። እዚያ የሚታየው ቁጥር 9014 ነው። ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። 9014 የተባለው 14ቱን የአድራሻ ባይት ደምሮ ነው። ሊኑክስ ላይ ያው ነገር 9000 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሁለቱ አንድ ናቸው። ከመቀየራችን በፊት የነበረውን ዋጋ በስልክ ፎቶ አነሣን። እንዲህ ያለ ነገር ስትነኩ ይህን አትርሱ።

ቀይረን ስናበቃ ቀጥታ ወደ ፍጥነት አልሄድንም። መጀመሪያ ትልቁ ፓኬት በእርግጥ ያልፋል ወይ የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ፒንግ አለ፣ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ፓኬት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው። ፒንግን መጠኑን 8972 አድርጎ፣ «እንዳይቆረጥ» የሚል ትእዛዝ ጨምሮ መላክ ነው። 8972 የሆነበት ምክንያት ፒንግ ራሱ 28 ባይት ስለሚጨምር ነው። ሲደመር 9000 ይሞላል። የተለመደውን 1500 ለመፈተን ደግሞ 1472 ነው የሚላከው።

1472ቱ አለፈ። 8972ቱ መልስ አልመጣም። እንደገና ሞከርን። ዝም።

ራውተሩ ነው። በጀርባው ያሉት ቀዳዳዎች ተሳቢ አያሳልፉም። ጃምቦ ፍሬም የሚሠራው ከላኪ እስከ ተቀባይ በመሀል ያለው እያንዳንዱ መሣሪያ ሲችል ብቻ ነው። አንዱ ካልቻለ ሁሉም ከንቱ ነው። የኢተርኔትን ደንብ የሚያወጣው ድርጅት ደግሞ 9000ን ደንቡ ውስጥ አላስገባውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋብሪካ የፈቀደውን ይሠራል። አንዱ 9000 ይችላል፣ ሌላው ከዚያ ያነሰ፣ ሌላው ጭራሽ አይችልም።

የሚያስፈራው የአወዳደቁ ሁኔታ ነው። ፓኬቱ በትክክለኛ ራውተር በኩል ወደ ሌላ ኔትወርክ ሲሄድ ከጣሪያው ካለፈ «ይኸ ትልቅ ነው፣ አሳንሰህ ላክ» የሚል መልስ ይመለሳል። በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ስዊች፣ ማለትም እንደ ራውተሩ ጀርባ ቀዳዳዎች ኬብሎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ግን መልስ መስጠት አያውቅም። ትልቁን ፓኬት ዝም ብሎ ይጥለዋል። ያ ተሳቢ መኪና ኬላው ላይ አልተመለሰም፣ አልተቀጣም፣ በቃ ጠፋ። ላኪው ይጠብቃል፣ ደግሞ ይልካል፣ ደግሞ ይጠፋል።

ምልክቱን እወቁት፣ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይጠፋል። የዴስክቶፑ ስም ይታያል፣ የፎልደሮቹ ዝርዝር ይከፈታል፣ ተራ ፒንግ ይመልሳል። ቪዲዮውን ኮፒ ስትሉት ግን ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰው ሁሉ ቫይረስ ነው ይላል፣ ዊንዶውሱን እንደገና ይጭናል። ያየሁት ነገር ነው። የእኛም ሙከራ እንዲሁ ሆነ። ፎልደሩ ተከፈተ፣ ፋይሉ አልንቀሳቀስ አለ። ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነታችሁን በተሸፈነ መስመር የሚያሳልፍ ፕሮግራም፣ የምትጠቀሙም ተመሳሳይ ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ቪፒኤን የራሱን ማሸጊያ ስለሚጨምር 1500ው ይጠበዋል፣ ገጾች በግማሽ ይከፈታሉ። እዚያ መፍትሔው ማሳደግ ሳይሆን ማሳነስ ነው፣ ወደ 1400 አካባቢ።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም፣ እኔም ማየት ፈለግሁ። ራውተሩን ከመሀል አወጣነው። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ኬብል ፊት ለፊት አገናኘናቸው። የጊጋቢት ካርዶች መላኪያና መቀበያውን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ የተለየ ኬብል አያስፈልግም። ለሁለቱም አድራሻ በእጃችን ሰጠናቸው። 8972ቱ ፒንግ አሁን መለሰ። አይፐርፍን አስነሣን። ከ980 በላይ። ሒሳቡ ካለው 990 ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው እንጂ ጃምቦ ፍሬም የሚገባውን ሠርቷል። ወሬው ጭራሽ ውሸት አልነበረም፣ መጠኑ ነው የተጋነነው።

ቀጥሎ እውነተኛውን ፈተና አደረግን። የቅዳሜውን ሠርግ በሙሉ፣ አንድ ጊዜ በ9000፣ አንድ ጊዜ በ1500 ኮፒ አደረግን። በሁለቱም 10 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ደገምነው። አንዴ ይኸኛው በጥቂት ሰከንድ ይቀድማል፣ አንዴ ያኛው።

መንገዱ ከ940 ወደ 980 ከፍ ብሎ ሳለ ፋይሉ ለምን አልፈጠነም? ዴስክቶፑ ላይ ያለው አሮጌ ሀርድ ዲስክ የሚሽከረከር ዓይነት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ይጽፋል። 940 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 117 ሜጋባይት ነው። በ1500ም ቢሆን ኔትወርኩ ዲስኩን ቀድሞታል። ሰሊጡ አዘዞ ደርሶ መጋዘኑ ጋ የሚያራግፉት ሰዎች አልደረሱለትም። መኪናውን ተሳቢ ብታደርገው የሚጠብቀው ያው መጋዘኑ በር ላይ ነው። ትንንሽ ፋይሎች ከሆኑማ፣ ለምሳሌ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች፣ ለእያንዳንዱ ፋይል መክፈትና መዝጋት ስላለ ከዚህም ይብሳል። ፓኬት ማሳደግ ለዚያ አንድም አይረዳም።

ቢትና ባይትን ለይታችሁ ያዙ። የኔትወርክ ፍጥነት በቢት ይነገራል፣ የፋይል መጠን በባይት። ስምንቱ ቢት አንድ ባይት ነው። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ይህን ሳይለዩ ነው።

ታዲያ ጃምቦ ፍሬም ለማን ነው? ለ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ነው። እዚያ በ1500 በሰከንድ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ፓኬት ይመጣል። ዘመናዊ ኮምፒውተርም ቢሆን ይሰማዋል። በዩኒቨርሲቲና በዳታ ማዕከል ሰርቨር ከማከማቻ ጋር በራሱ ስዊች ሲገናኝ ጃምቦ ፍሬም ይጠቅማል። እዚያ እያንዳንዱ መሣሪያ ታስቦ ተገዝቷል፣ የሚጠብቀውም ባለሙያ አለ። ቤት ውስጥ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ደካማ የሆነ ማከማቻ ያለው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ያለው፣ ስዊቹም የሚችል ሰው ቢሞክረው አይከፋም። ያም ቢሆን እንደ እኛ ለክቶ። ፕሪንተር፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ከሚጋሩት ኔትወርክ ጋር ባይቀላቀል ግን ይመረጣል።

አመሻሽ ላይ ፎቶውን ከፍተን ሁሉንም ወደነበረበት መለስነው። 1500። ራውተሩን አያያዝነው፣ 1472ቱን ፒንግ ላክን፣ መለሰ። ኮፒውን በራውተሩ በኩል አስነሣነው። አክስቴ ሁለተኛውን ቡና ስታቀርብ ቁጥሩ 40 በመቶ ላይ ነበር፣ ሦስተኛው ሳይደርስ አለቀ። ልጁ የተበጠሰውን ኬብል ጠቅልሎ አወጣው። ከዚህ ጥር ደመወዙ ለኤስኤስዲ ሊያጠራቅም ነው።